ልጅን ሳያስቆሙ ፎቶ ማንሳት

ጋይንት ውስጥ እንግዳ ሆነው አንድ ቤት ቢገቡ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዓይንዎ ግድግዳው ላይ ማረፉ አይቀርም። በአንድ መስታወት ውስጥ የሠርግ ፎቶ፣ ውትድርና የሄደ ወንድም ፎቶ፣ ለመታወቂያ የተነሳ ጉርድ ፎቶ፣ ከዓረብ አገር የተላከ የእህት ፎቶ ተደርድሮ ያያሉ። የትንንሽ ልጆች ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ካለም ልጁ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ እጁን ከጎኑ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሞ ነው። እናቱን “ልጅሽ እንዲህ ዝምተኛ ነው?” ቢሏት፣ “ኧረ እሱስ ቤት የማይበቃው ነው! ፎቶ ሲያነሱት ነው እንዲህ የሚደርቀው” ትልዎታለች።

ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለዚያ ቤት ስለማይበቃው ልጅ ነው። እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ። በዲፕሎማ ተመርቄ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ ከገዛችልኝ ወዲህ፣ በፊት ክትባት የሰጠኋቸው ልጆች አድገው የወለዷቸውን ልጆች ፎቶ እያነሳሁ፣ ከተማ ስወርድ አሳትሜ ለእናቶቻቸው መስጠት የጡረታ ሥራዬ ሆኗል። ፎቶ ቤት የለኝም፤ ገንዘብም አልቀበልም። ልጅ እንዴት እንደሚቀረብ ግን ሥራዬ አስተምሮኛል። የፎቶው ነገርም ከዚያ ብዙ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም።

መልክ ይረሳል

ሥራ ላይ ሳለሁ የገጠመኝ አንድ ነገር ከልቤ አይወጣም። የሦስት ዓመት ልጇ የሞተባት እናት ከወራት በኋላ መጥታ የልጇን የክትባት ካርድ ፈልጌ እንድሰጣት ለመነችኝ። ለምን እንደምትፈልገው ስጠይቃት፣ “ስሙ ያለበት ሌላ ነገር የለኝማ፣ ሲስተር። መልኩም እየጠፋብኝ ነው፤ ሌሊት ላስበው ስል የታናሹ ፊት ይመጣብኛል” አለችኝ። ካርዱን ፈልገን ሰጠናት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ሄደች።

ያ ዘመን አሁን ብዙ ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካምና የእናቶች ንቃት ያመጡት ነው። ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የልጅ ፎቶ በአብዛኛው ልጁ አድጎ ራሱ የሚስቅበት ፎቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው።

ደግሞም ልጅ በሕይወት እያለም መልኩ ይሄዳል። የአራት ዓመቷ ልጅ አምስት ሲሞላት ያቺ የአራት ዓመቷ የለችም። ጥርሷ ይወልቃል፣ ቁንጮዋ ይላጫል፣ አፏ ይፈታል፣ ሣቋ ይለወጣል። ዘመዷ ከተማ ወይም ባሕር ማዶ ከሆነ ያንን ሳያይ ያልፈዋል።

ከደብረ ታቦር የሄደው ልጅ

ስለ ልጅ ፎቶ ሲወራ እኛ የደቡብ ጎንደር ሰዎች የምናስበው አንድ ልጅ አለን። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወለደ። አባቱ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ያለፉት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ልጁ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዞች ይዘውት ሲመለሱ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ እንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አነሳችው። የምትሠራው በፀሐይ ብርሃን ብቻ ነበር። የዘመኑ መሣሪያ ግን ዘገምተኛ ስለነበር ተነሺው ለደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ፎቶው ዛሬም አለ፤ ልጁ አይስቅም። እናትና አባቱን ባጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ አትነቃነቅ ተብሎ የተቀመጠ ልጅ ከየት አምጥቶ ይስቃል? በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። እኛ ዘንድ የቀረው ያ ያዘነ ፊት ነው። ደብረ ታቦር ሜዳ ላይ ሲሮጥ ምን ይመስል እንደነበር ማንም አያውቅም።

የዛሬ ስልክ በቂ ብርሃን ካገኘ በሰከንድ መቶኛ፣ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ፎቶ ያነሳል። ልጅ እየዘለለ፣ እየሳቀ፣ እያለቀሰ ማንሳት ይቻላል። ታዲያ መሣሪያው “ቁም፣ አትነቃነቅ” ማለቱን ትቶ እኛ ያልተውንበት ምክንያት ምንድን ነው?

“ልዘን ወይስ ልሳቅ?”

ሌላው ዓለም የሚያውቀው የልጆቻችን ፎቶ የ77ቱ ነው። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ቆረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲታይ ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ እህልም መድኃኒትም አመጣ። የብዙ ሰው ሕይወት ስላተረፈ አላማውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የደጋ ገበሬ ልጅ ፎቶ ማለት የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ዝንብ የወረረው፣ ስም የሌለው ልጅ ፎቶ ማለት ሆኖ ቀረ።

ይህ ነገር ልጆቹ ዘንድም ደርሷል። ስማዳ ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት እረኛ ስልኬን ሳወጣ አይቶ ዱላውን አስቀመጠና፣ “ልዘን ወይስ ልሳቅ?” ሲል ጠየቀኝ። ከእኔ በፊት ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ምን እንዳለው አላውቅም። “ፍየሎችህን ጠብቅ፣ እኔ አለሁ” አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ረሳኝ። አንዷ ፍየል እህል ውስጥ ልትገባ ስትል ድንጋይ አንስቶ ሲሮጥ፣ ጋቢው ከኋላው ሲውለበለብ ያነሳሁት ፎቶ ዛሬ ቤታቸው ተሰቅሏል። አባቱ አይቶ፣ “ይኸው! እሱ ራሱ!” አለ። ለእኔ የጥሩ ፎቶ መለኪያው ይህ ነው፤ የሚያውቀው ሰው አይቶ “እሱ ራሱ” ካለ ተሳክቷል።

ብርሃኑን ማወቅ

አገራችን ደጋ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ይበረታል፤ ጥላውም እንደ ጥላሸት ይጠቁራል። እኩለ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ልጅ ቢያነሱ ግንባሩና አፍንጫው ያበራሉ፣ ዓይኖቹ ግን ጉድጓድ ይሆናሉ። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀጥታ በአናታችን ላይ ስለምታልፍ የቀትር ፎቶ ከሌላውም ጊዜ የባሰ ነው።

ደጉ ሰዓት ጠዋት ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስክትጠልቅ ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ይለሰልሳል፣ የልጁን ጉንጭ ያሞቀዋል። ደግነቱ የገጠር ልጅ ደጅ የሚገኘውም በዚሁ ሰዓት ነው። ጠዋት ከብት ይነዳል ወይም ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ማታ ከብቱን ይመልሳል፣ የጨርቅ ኳስ ይራገጣል።

ቀትር ላይ ማንሳት ግድ ከሆነ ጥላ ይፈልጉ። ከሁሉ የሚሻለው የቤት ደጃፍ ነው። መስኮት የሌለው የጭቃ ቤት ውስጡ ጨለማ ነው፤ ልጁ ከደፉ ትንሽ ገባ ብሎ ወደ ውጭ ሲያይ ብርሃኑ በለስላሳው ፊቱ ላይ ያርፋል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጨልማል። ከተማ ያሉ ፎቶ ቤቶች ብዙ ብር አውጥተው የሚሠሩትን ብርሃን የጋይንት በር በነጻ ይሰጣል። በስማዳ ቆላ የዋርካና የግራር ጥላ አለ። ዛፍ ሥር ሲሆን ግን በቅጠሉ መሐል የሚያልፈው ፀሐይ ፊቱን እንዳያዥጎረጉረው ጥላው ድፍን የሆነበትን ቦታ ይምረጡ።

ብርሃን ከታች የሚመልስ ነገርም ይረዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የእስቴ አውድማ ላይ የተበተነው ገለባ ብርሃኑን ወደ ልጆቹ ፊት መልሶ ይረጨዋል። እናት ነጭ ነጠላ ለብሳ ልጇን ስታቅፍ ነጠላዋም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ሰማዩ ሁሉ እንደ ትልቅ መጋረጃ ብርሃኑን ያለሰልሳል። “ዛሬ ጨፍግጓል፤ ለፎቶ አይሆንም” አይበሉ፤ ለፊት እንደ ጉም ያለ ብርሃን የለም።

ፊታችን ለምን ይጠቁራል?

ብዙ ሰው “ስልኬ ያጠቁረኛል” ይላል። ካሜራ ያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ብርሃኑን ይመጥናል። ልጁ ነጭ ጋቢ ከለበሰ ወይም ከኋላው ደማቅ ሰማይ ካለ ካሜራው “ብርሃን በዛ” ብሎ ይቀንሳል፤ የሚጎዳውም ፊቱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በስልኩ መስታወት ላይ የልጁን ፊት በጣትዎ ይንኩት። ብዙ ስልኮች ላይ አንዲት ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፤ እሷን በጥቂቱ ወደ ላይ መግፋት ነው። ከዚያ ደግሞ ራስዎ ቦታ ቀይረው ከሰማዩ ይልቅ ተራራው፣ ቁጥቋጦው ወይም የቤቱ ግድግዳ ከልጁ ኋላ እንዲሆን ያድርጉ።

ነገሩ የኛ ቆዳ ጥፋት አለመሆኑን ማወቅም ደግ ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚልከው የናሙና ካርድ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር፤ “ሸርሊ” ይሉታል። ፊልሙ የሚመዘነው በእሷ ፊት ስለነበር የጠቆረ ሰው ሳይወጣለት ይቀር ነበር። ነገሩ እየተሻሻለ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ልጁን መቅረብ

ክትባት ስሰጥ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ መርፌውን አስቀድሞ ያየ ልጅ ያለቅሳል። ካሜራም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ እኔ ስደርስ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ከእናቱ ጋር እቀመጣለሁ፣ ስለ ገብሱና ስለ ድንቹ አወራለሁ። ልጅ የማያውቀውን ሰው የሚመዝነው በእናቱ ፊት ነው፤ እናቱ ከሳቀች እሱም ይቀርባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ለመጀመሪያው ፎቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ብርቅ አይደለም።

ከዚያ ቁጭ ማለት ነው። ቆመው ቢያነሱት ልጁ አናትና ግንባር ብቻ ይሆናል፤ ትንሽም ሆኖ ይታያል። ተንበርክከው ዓይንዎን ከዓይኑ ቢያስተካክሉ ግን ሰው ለሰው ትተያያላችሁ። ፊቱ ላይ አይጠጉ፤ በጣም ከቀረቡ አፍንጫው ያለመጠኑ ይገዝፋል፣ ልጁም ይሸማቀቃል። ሁለት ሦስት እርምጃ ይራቁ። ደግሞ ሁልጊዜ ከማንሳትዎ በፊት የስልኩን መነጽር በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። ቅቤና ላብ የነካው መነጽር ስንቱን ፎቶ እንዳደበዘዘ!

“ሳቅ በል” አይበሉ። ታዝዞ የሚስቅ ልጅ ጥርሱን ነው የሚያሳየው። በሥራው ወይም በጨዋታው ይተዉት፦ ብይ ሲወረውር፣ ሰኞ ማክሰኞ ስትዘል፣ ገበጣ ሲቆጥር፣ ጥጃ ሲያስር። እኔ የምወደው መንገድ እንቆቅልሽ ነው። “እንቆቅልሽ!” ስለው “ምን አውቅልሽ!” ይላል። ከዚያ ሲያስብ ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ሲያውቀው ይፈነድቃል፤ ሳያውቀው ቀርቶ አገር ስጠኝ ስለው ይቆጣል። በአንድ እንቆቅልሽ አራት የተለያየ ፊት ይገኛል፤ አንዱም የውሸት አይደለም። ስልክዎ በተከታታይ የሚያነሳ ከሆነ ይህን ጊዜ ይጠቀሙበት፤ ኋላ የተሻለውን መርጠው የቀረውን ያጥፉ።

ፈቃድና ክብር

ልጁ ሳያውቅ ይነሳ ማለት ወላጁ ሳያውቅ ይነሳ ማለት አይደለም። መጀመሪያ እናት ወይም አባት፣ እነሱ ከሌሉ አያት ይጠየቃሉ። ልጁም ነፍስ ካወቀ ይጠየቃል፤ “እንቢ” ካለ እንቢ ነው።

አንዳንድ እናቶች “የተኛ ልጅ አያንሱብኝ” ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ዓይን ይበላብኛል ብለው ይፈራሉ፣ አንገቱ ላይ ክታብ ያስሩለታል። እኔ ከእነሱ ጋር አልከራከርም። የእናት ፍርሃት መነሻው ልጇን መውደዷ ነው፤ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ እመልሳለሁ። ብዙ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ሲያዩ ራሳቸው ይጠሩኛል።

ሕጉም ከዚህ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 16 ደግሞ የልጅን ግላዊ ሕይወትና ክብር ይጠብቃል። ስለዚህ ራቁቱን ያለ ልጅ፣ ቁስሉ የሚታይ ልጅ፣ የታመመ ልጅ አይነሳም። ፌስቡክ ላይ የሰው ልጅ ፎቶ ከነስሙና ከነትምህርት ቤቱ አይለጠፍም። ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ልጅ አድጎ፣ ምናልባት መምህር ወይም ዳኛ ሆኖ፣ ይህን ፎቶ ቢያየው ያፍርበታል ወይስ ይኮራበታል?

ፎቶው የሚነግረን ሌላ ነገር

የሙያዬ ነገር ሆኖ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ልጅዎ በጥላና በለስላሳ ብርሃን እንኳ ዓይኑን መግለጥ የሚያቅተው፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የሚያለቅስና የሚያዥ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ትራኮማ ክልላችንን ክፉኛ ያጠቃ በሽታ ነው፤ ፊት መታጠብና መድኃኒቱን በወቅቱ መውሰድ ያድናል። ደግሞ ማታ በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ የአንዱ ዓይን ብሌን ቀይ ሆኖ የሌላው ነጭ ሆኖ ደጋግሞ ከታየ አይዘግዩ። ካሜራው የያዘበት አቅጣጫ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዓይን ሞራ ወይም በልጅነት የሚመጣ የዓይን ካንሰር ምልክትም ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ፎቶውን ይዘው የዓይን ሐኪም ያሳዩ።

ያትሙት

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። ፎቶውን ስልክ ውስጥ አይተዉት። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ይሞላና ይጠፋል። ከተማ ሲወጡ ከአንድ ልጅ አንዱን፣ ልጁን ልጁን የሚለውን መርጠው ያሳትሙ። ከጀርባው በእስክሪብቶ የልጁን ስም፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉ። ቤቱ ጢስ ስለሚበዛበት በላስቲክ ወይም በመስታወት ቢሸፈን ይቆያል።

ከሁለቱ አንዱን ለእናቲቱ፣ ሌላውን ለልጁ ይስጡ። ልጅ የራሱን ፎቶ ሲቀበል ልብ ብለው ይመልከቱት። መጀመሪያ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ያየዋል፣ ከዚያ ጓደኛውን ይጠራል። ያን ጊዜ ፊቱ በጣም ያምራል፤ ስልክዎን ለማውጣት ግን አይቸኩሉ። ያንን ለራስዎ ይዩት።